አብረውን የተሳለሙ ሰዎች፦ የጉዞ ጓደኞቻችሁን ታሪክ በፎቶ መጽሐፍ ለማዘጋጀት

ጥምቀት አልፎ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ በየስልኩ የሚቀረው ፎቶ ተመሳሳይ ነው። የጎንደሩ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ወርቀ ዘቦ የለበሱ ካህናት፣ ባለ ብዙ ቀለም ጃንጥላ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። እነሱን ከእኛ አስበልጦ የሚያነሣ ባለሙያም ሞልቷል። የጎደለው ሌላ ነው። ከጎናችን ቆማ ሌሊቱን በእልልታ ያነጋችው እናት ከየት መጣች? ማን ሸኛት? ቤቱን ለማን ትታ መጣች? ይህን ጠይቆ ማወቅ የሚችለው አብሯት የተሳለመ ሰው ነው።

መመሪያው ለዚያ ሰው ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ይሁን፣ የጽዋ ማኅበርተኛ ይሁን፣ እናቱን ይዞ የሚሄድ ልጅ ይሁን፣ ይሠራበታል። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ደህና ስልክ፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቀድማችሁ ስሙ፣ ከዚያ አንሡ። ታሪኩን ሳትሰሙ ያነሣችሁት ፊት የማንም መንገደኛ ፊት ሊሆን ይችላል። ከሰማችሁ በኋላ ግን ፊቱን ነው ወይስ እጁን፣ ብቻውን ነው ወይስ ከልጅ ልጁ ጋር የሚለውን ታሪኩ ራሱ ይመራችኋል።

1. አንድ ጉዞ ብቻ ምረጡ

ጎንደር በዓል አያጣትም። ኅዳር 6 ቁስቋም አለ። ጥር 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይነግሣል። ከጥር 10 እስከ 12 ደግሞ ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ናቸው። ከከተማ ወጣ ለሚል ማኅበር ጣና ዳር ያለችው የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አለች። ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ ላጭቅ ያለ ሰው አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ሥራ እኔ የምመክረው ከጥር 7 እስከ ጥር 12 ያለውን ሳምንት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥላሴን ሊሳለም ቀድሞ የገባ እንግዳ እስከ ጥምቀት የሚሰነብትበት ጊዜ አለ። ጥር 8 እና 9 በሁለቱ በዓላት መካከል ስለሚውሉ ሰው ትንሽ ያርፋል። ለጨዋታ የሚሆኑት እነዚህ ሁለት ቀናት ናቸው። ጥር 10 ገሃድ ነው። ሰዉ ጾሞ ውሎ ታቦት ሊያጅብ ይወጣል፣ ሌሊቱንም በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ያድራል። በዚያ ሰዓት የሰውን ልብ በጥያቄ ማውጣት ተገቢ አይደለም።

የሰዉን ቁጥርም አስቀድማችሁ ወስኑ። 15 ሰው ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው 4 ገጽ ብትሰጡ 60 ገጽ ይሆናል። ለመግቢያና ለስም ዝርዝር 4 ስትጨምሩበት 64 ገጽ ላይ ትደርሳላችሁ። ታጥፎ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል ስላለበት ይህ ስሌት ኋላ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ይጠቅማችኋል።

ስትመርጡ አረጋውያንን ብቻ አትሰብስቡ። መነኮሳትን ብቻም አትፈልጉ። ሹፌሩም ተሳላሚ ነው። ለእንግዳ እንጀራ ስትጋግር የሰነበተችው የጎንደር ልጅ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሮ የያዘው ወጣት፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የመጣችው ታዳጊ፣ ሁሉም የዚያ ጉዞ ሰዎች ናቸው።

2. ፈቃድ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ካሜራ የያዘ ሰው በየዓመቱ ይጎርፋል። ብዙ ተሳላሚ ሳይጠየቅ የሚነሣ ነው። እናንተ ከሌላው የምትለዩት በመጠየቃችሁ ነው።

ሦስት በር ታንኳኳላችሁ። የመጀመሪያው የማኅበሩ ወይም የጉዞው አስተባባሪ ነው። ሁለተኛው የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ሰበካ ጉባኤው ነው። በቅጽር ግቢ ውስጥ ምን ማንሣት እንደሚቻል የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ በተለይ ጠይቁ። የጣራው መላእክትና የግድግዳው ሥዕሎች የቆዩ ናቸውና ፍላሽ ፈጽሞ አታብሩ። ሦስተኛው ራሱ ባለታሪኩ ነው።

ባለታሪኩን ሁለት ነገር ለየብቻ ጠይቁት። አንደኛ፣ «በመጽሐፉ ብትገባ ፈቃድህ ነው?» ሁለተኛ፣ «ፎቶህ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ቢወጣስ?» ለመጀመሪያው እሺ ብሎ ለሁለተኛው እምቢ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ መብቱም ነው። የሚጽፍ ሰው ከሆነ አንዲት ገጽ ወረቀት ይፈርም። የማይጽፍ ከሆነ ፈቃዱን በድምፅ ቅዱ፤ ስሙን፣ ቀኑንና የፈቀደውን ነገር ራሱ ይናገር። ለልጅ ወላጁ ይፈቅዳል።

ስማቸውንም እንዴት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። አንዳንዱ በዓለም ስሙ፣ አንዳንዱ በክርስትና ስሙ መጻፍ ይወዳል። ስማቸው እንዳይጻፍ የሚሹም አሉ። ስታነጋግሯቸው እማሆይን እማሆይ፣ መሪጌታን መሪጌታ በሉ፤ በመጽሐፉም ማዕረጋቸውን አትንጠቁ።

የማይነሣ ነገር አለ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው አይነሣም፤ ገላው ተራቁቷል ወይም በሕመም እየጮኸ ነው፤ ያንን ሰዓት ለእሱና ለፈጣሪው ተዉለት። ንስሐ ላይ ያለ ሰው አይነሣም። መንገድ ላይ ደግሞ ኬላና የጸጥታ ሰዎችን አታንሡ፤ መላው ጉዞ ሊስተጓጎል ይችላል።

3. ጨዋታው

የመጽሐፉ ነፍስ እዚህ ነው። ብዙ ሰው «ለምን መጡ?» ብሎ ይጀምራል። መልሱ ከሁሉም አፍ አንድ ነው፤ «ለበረከት»። እውነት ነው፣ ግን ከእሱ በኋላ ወሬው ይዘጋል። የሚከፍቱት ጥያቄዎች ትንንሾቹ ናቸው።

«ከቤት ሲወጡ በር ድረስ ማን ሸኝዎት?»
«ስንቁን ማን አዘጋጀ? ምን ተያዘ?»
«ከብቱን ማን እየጠበቀ ነው?»
«መጀመሪያ ሲመጡ ስንት ዓመትዎ ነበር? እጅዎን ማን ይዞ ነበር?»
«ይህ መቋሚያ የማን ነበር?»
«ዘንድሮ አብሮዎት ያልመጣ ሰው አለ?»

የመጨረሻውን ጥያቄ በጥንቃቄ ጠይቁ። ያልመጣው ሰው ሞቶ ይሆናል። እንባ ከመጣ ስልኩን አስቀምጡና አብራችሁ ተቀመጡ። ሰው ዝም ሲል ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትወርውሩ። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ነው።

ስለ ስለት ስትጠይቁ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ። ስለቱ የሰመረለት ሰው ደስ ብሎት ይናገራል። መጋረጃ ይዞ መጣ፣ ጃንጥላ አስገባ፣ ጧፍና ዕጣን አመጣ፣ ሁሉንም ይዘረዝራል። ገና የተሳለ ሰው ግን ምን እንደተሳለ መናገር ላይፈልግ ይችላል። አትጎትጉቱት። «ዘንድሮ ተስሎ ሄደ» ብሎ መጻፍ ራሱ ታሪክ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ ባለታሪኩ እንዲተርክላችሁ አትጠይቁ። ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ጠበቃት የሚለውን ትውፊት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ቁስቋምን እቴጌ ምንትዋብ እንዳሠሯት በየመጽሐፉ አለ። ከባለታሪኩ ውጭ ማንም የማያውቀው ግን የንቡን ታሪክ መጀመሪያ ማን እንደነገረው፣ የት ቁጭ ብሎ እንደሰማው ነው። እሱን ጠይቁ።

ቦታው ወሳኝ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አትቅዱ፤ ሞተሩ ድምፁን ይውጠዋል። ከድምፅ ማጉያና ከከበሮ ራቁ። ቡና የሚፈላበት ቤት፣ የግቢ ጥላ፣ የእንግዳ ማረፊያ ጓዳ ይሻላል። ስልኩን በበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ሲመጣ ቅጂው እንዳይቋረጥ። ከተናጋሪው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቀምጡት። ነፋስ ካለ የነጠላ ጫፍ አንድ ዙር ጣል አድርጉበት። ለአንድ ሰው ከ40 ደቂቃ በላይ አትውሰዱ። ማታውኑ የድምፅ ፋይሉን ስም ስጡት፤ ቀኑንና የሰዉን ተራ ቁጥር፣ ለምሳሌ «ጥር 8 - 03» ብላችሁ። ካልሆነ በሳምንቱ መጨረሻ ማን ምን እንዳለ ይምታታባችኋል።

4. ፎቶው

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ዓይነት ፎቶ ይኑራችሁ። አንዱ ፊቱ። አንዱ የያዘው ነገር፦ መቋሚያው፣ የጸበል ጄሪካኑ፣ የስንቅ ቋጠሮው፣ የተጠቀለለው ዳዊቱ። አንዱ ደግሞ ሰውየው በቦታው ውስጥ። ከሦስቱ ሁለተኛውን ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። የዳዊቱ ጠርዝ በጣት ማለቁ ባለቤቱ ስንት ዘመን እንደደገመበት ይናገራል።

የጎንደር የጥር ፀሐይ ብርቱ ናት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ ነጩን ነጠላ ደግሞ ዝርዝሩ እስኪጠፋ ታነጣዋለች። የፊት ፎቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንሡ። ግድ ቀን ላይ ማንሣት ካለባችሁ ሰዉን ጥላ ውስጥ አስገቡት። የጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ላይ ሥር የሰደዱት ትልልቅ ዛፎች ጥላቸው ሰፊ ነው።

ነጭ ልብስ ስልክን ያታልላል። ስልኩ ብርሃን የበዛ መስሎት ፊቱን ያጠቁረዋል። መላው ቀላል ነው። በስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩ፤ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ቀስ ብላችሁ አስተካክሉ፣ ፊቱ በደንብ እስኪታይ። ከዚያ ነጠላው አለመቃጠሉን እዩ። አንድ ዘዴ ልጨምርላችሁ። ሌላ ሰው ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ከባለታሪኩ ፊት ለፊት፣ ከካሜራው ጎን ይቁም። ብርሃኑ ከጋቢው ተመልሶ ፊት ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ጥላ ይለሰልሳል።

በጣት እየሳባችሁ አታቅርቡ፤ ምስሉ ይበላሻል። ራሳችሁ ቅረቡ። ከቁመታቸው በላይ ሆናችሁም አታንሡ። መሬት ላይ የተቀመጡ እናትን ስታነሡ እናንተም ተቀመጡ።

በጥር 11 ንጋት ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ሲዘሉ ካሜራ ሁሉ ወደ ውኃው ይዞራል። በዚያች ቅጽበት እናንተ ወደ ሰዎቻችሁ ዙሩ። ጸበሉ ሲረጭ የሚታየው ፊት ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ውኃው እስከ ዳር ይደርሳል። በጥር 12 የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ሕዝቡ ረጋ ያለ ነው፤ ሰዉን ከሙሉ ቁመቱ ጋር ለማንሣት ያ ቀን ይመቻል።

ባለታሪኩ ጎንደሬ ከሆነ ቤቱ ያለውን የድሮ ፎቶ ጠይቁ። የአባቱ የፎቶ ቤት ምስል፣ የሠርግ፣ የድሮ ጥምቀት። ከአልበሙ አትንቀሉት፤ ሊቀደድ ይችላል። መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡት። ከጀርባው ጽሑፍ ካለ እሱንም አንሡ።

5. መጻፍ

ድምፁን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አድካሚ ነው። የአንድ ሰዓት ወሬ የግማሽ ቀን ሥራ ይጠይቃል። ሥራውን ለሁለት ለሦስት ተካፈሉት። የተናገሩትን በራሳቸው አንደበት፣ «እኔ» እያሉ እንደተናገሩት ጻፉ። ለአንድ ሰው ከ250 እስከ 350 ቃል ይበቃል። ቆርጡ፣ የተደጋገመውን አውጡ፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ቃል ግን አትጨምሩላቸው። የገጠሩን አነጋገር ወደ ዜና አማርኛ አትቀይሩት።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ይህ ምሳሌ እኔ ለማስረዳት ያዘጋጀሁት ነው። እንዲህ አትጻፉ፦

«እኝህ እናት በጽኑ እምነት ተነሣስተው ረጅም መንገድ በመጓዝ የታላቁ በዓል ተካፋይ ሆነዋል።»

እንዲህ ጻፉ፦

«በሶውን ልጄ ነው የቋጠረልኝ። ‹እማዬ፣ ጎንደር ሳትደርሺ እንዳትፈቺው› አለኝ። አዘዞ ሳንደርስ ፈታሁት። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ነፍሰ ጡር ነበረች።»

የመጀመሪያው ለማንኛዋም እናት ይሆናል። ሁለተኛው የአንዲት ሴት ብቻ ነው። ደግነቷን አልነገረንም፣ አየነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለባለታሪኩ አንብቡለት። ወደ አገሩ ተመልሶ ከሆነ በስልክ ደውላችሁ አንብቡለት። «ይህችን አውጧት» ካለ ትወጣለች፤ ክርክር የለም። በተለይ ስለ ሕመም፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ጠፋ ልጅ የተነገረ ነገር ከሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቁ። በጨዋታ መካከል የወጣ ነገር ወረቀት ላይ ሲታይ ሌላ ነው።

የፎቶ መግለጫ አጭር ይሁን። ማን፣ የት፣ መቼ። «ጥር 9፣ ቀሃ ወንዝ ዳር» ይበቃል።

6. ቅደም ተከተሉ

ሰዉን በማዕረግ አትደርድሩት። በመንገዱ ደርድሩት። ከቤት የመውጣት ታሪክ ያለው መጀመሪያ፣ የመንገድ ታሪክ ያለው ቀጥሎ፣ የከተራ ሌሊት፣ የንጋቱ ጸበል፣ በመጨረሻ የመመለስ። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ አብሮ ይጓዛል። የአባቶች ቡራኬ መግቢያው ላይ አንድ ገጽ ቢሰጠው ደስ ይላል፤ ረጅም ንግግር ግን አይሁን። የስፖንሰር ማስታወቂያ በታሪኮቹ መካከል አታስገቡ። የረዳችሁ ሰው ካለ መጨረሻ ገጽ ላይ አመስግኑት።

7. ገጽ ማዘጋጀትና ማሳተም

ኤ5 መጠን ለእጅ ይመቻል፣ ወጪውም ይቀላል። 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ፎቶ ሙሉ ገጽ ጥርት ብሎ እንዲታተም ወደ 1750 በ2480 ፒክስል ያስፈልገዋል። 12 ሜጋፒክስል የሆነ ተራ ስልክ ከዚህ በላይ ይሰጣል፤ ስለዚህ ችግሩ ስልኩ አይደለም። ችግሩ ፎቶው የሚላክበት መንገድ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል። «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፣ ወይም በፍላሽ ዲስክ ተቀባበሉ።

ገጹን በነፃው ስክራይበስ ወይም በካንቫ መሥራት ይቻላል። ወርድም ላልተወሳሰበ ገጽ ያገለግላል። ፊደሉን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት። መጠኑ ከ12 አይነስ፤ አንባቢዎቻችሁ መነጽር የሚያደርጉ እናቶችና አባቶች ናቸው። ጽሑፍ በፎቶ ላይ አትጻፉ። ፎቶው እስከ ገጹ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ መቁረጫው ይወስደዋል። ሲያልቅ ፊደሉ ውስጡ የተካተተበት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡ። ካልሆነ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደላችሁ ወደ ባዶ ሳጥን ይቀየራል።

ለውስጥ ገጽ 150 ግራም፣ ለሽፋን ከ250 እስከ 300 ግራም ወረቀት ጠይቁ። የሚያብለጨልጨው ወረቀት መብራት ሥር ያንጸባርቃል፤ እኔ ደብዘዝ ያለውን እመርጣለሁ። 64 ገጽ በሽቦ ለመስፋት መጨረሻው አካባቢ ነው። ወፍራም ወረቀት ከመረጣችሁ ወይም ገጹ ከዚያ ካለፈ በሙጫ ይጠረዝ። ለ20 ወይም 30 ቅጂ ጎንደር ያሉትን ዲጂታል ማተሚያዎች ጠይቁ። ብዙ መቶ ቅጂ ካስፈለገ የአዲስ አበባን ዋጋ አነጻጽሩ።

ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት ግን አንድ የሙከራ ቅጂ በእጃችሁ ያዙ። በስክሪን ላይ ደምቆ የታየ ፊት በወረቀት ላይ ይጠቁራል፤ ብዙ ጊዜ ፎቶዎቹን ትንሽ ማብራት ያስፈልጋል። የስም አጻጻፍ ሌላ ሰው ያንብበው። «ኃይለ» እና «ሃይሌ»፣ «ዓለም» እና «አለም» የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ እንደሚጽፈው ጻፉለት።

8. ማድረስ

በጀቱን ስትሠሩ 15 ቅጂ ለ15ቱ ባለታሪኮች በነፃ ቆጥራችሁ አስቀምጡ። ሽያጭ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። የሩቅ ሰው ካለ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለሚሄድ ዘመድ ላኩለት፤ መድረሱንም ደውላችሁ አረጋግጡ። ማንበብ ለማይችል ባለታሪክ የራሱን ድምፅ በሚሞሪ ካርድ አብራችሁ ላኩ፤ የልጅ ልጁ በስልኩ ያሰማዋል።

ድምፆቹን፣ ያልተነኩ ፎቶዎቹን፣ የፈቃድ ወረቀቶቹንና ፒዲኤፉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ በማኅበሩ ሰው እጅ ያለ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ጉግል ድራይቭ ቢሆን ጥሩ ነው። የይለፍ ቃሉን ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው። መጽሐፉ ከደረሰ በኋላ «እዚህ ላይ የአጎቴ ስም ተሳስቷል» ብሎ የሚደውል ሰው አይጠፋም። እርማቱን ደብተር ላይ ቀን ጽፋችሁ መዝግቡ፤ ሁለተኛ ስታሳትሙ ከዚያ ትጀምራላችሁ።